ቅዳሜ በጎንደር ገበያ ነው፦ በዲጂታል ክህሎት ሥልጠናው ላይ የቀረበ ቅሬታ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ከስደት ለተመለሱና ለስደተኛ ነጋዴዎች የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና ለሰጠው ድርጅት፣
ሥልጠናውን ላዘጋጀው የከተማው ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በሥልጠናው ይዘትና ቃል በተገባልን ድጋፍ ላይ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ በሰጣችሁት ሥልጠና ከተካፈልነው 34 ሰዎች አንዷ ነኝ። በምስክር ወረቀቱ ላይ ስሜ በትክክል ተጽፎልኛል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ግን እዚሁ ላይ ያበቃል።

ማን እንደሆንሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ካርቱም ውስጥ ዴም በሚባለው ሰፈር ለ11 ዓመታት እንጀራ እየጋገርሁ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች ሸጫለሁ፤ ጤፍ ሲወደድ ማሽላ እየቀላቀልሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ዕለቱ ቀዳም ስዑር ነበር። ለፋሲካ ያቦካሁት ሊጥ በየባልዲው ሞልቶ ነበር፤ የጋገረው ግን የለም። ከሳምንታት በኋላ በገላባት አድርጌ መተማ ገባሁ፤ ከዚያም በገንዳ ውኃና በአይከል በኩል ጎንደር ደረስሁ። ዛሬ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ፤ እንጀራ ለሁለት ምግብ ቤቶች አቀርባለሁ፣ ድርቆሽ ደግሞ ውጭ አገር ዘመድ ላላቸው ሰዎች እሸጣለሁ።

ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ይህ ስማርት ስልክ ይባላል» ስላለን ነው። እኔ ካርቱም ሳለሁ ደንበኞቼ ባንካክ በሚባለው የባንክ መተግበሪያ ይከፍሉኝ ነበር። ጎንደር እንደገባሁ ሁለት ወር ከምናምን ሳይሞላኝ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ያለ ኢንተርኔት በ*127# ቴሌብር መጠቀም የተማርሁት ከጎረቤቴ ልጅ ነው። አብረውኝ ከሠለጠኑት መካከል ከሪያድ፣ ከቤይሩትና ከጅዳ የተመለሱ ሴቶች ነበሩ፤ ለዓመታት ከልጆቻቸው ጋር የተነጋገሩት በስልክ ስክሪን ነው። ከመጀመራችሁ በፊት «ምን ታውቃላችሁ? ምን ይቸግራችኋል?» ብላችሁ አንድ ጥያቄ ብትጠይቁን ኖሮ ግማሹ ሥልጠና ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ሥልጠናው ለነጋዴዎች ነው ተባለ፤ ቀኑ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ሆነ። ይህን መርሐ ግብር ያወጣው ሰው ጎንደር ውስጥ ይኖራል ለማለት ይቸግረኛል። ቅዳሜ ገበያ የሚባል ሰፈር ባለበት ከተማ፣ የገጠሩ ሰው እህሉን ጭኖ በሚገባበት፣ እኔም የሳምንቱን ጤፍ በምገዛበት ቀን፣ ነጋዴን ሰብስቦ ስለ ንግድ ማስተማር ምን ይባላል? ከስምንቱ ቅዳሜዎች አንዱ መስቀል ሆኖ ቀረ። በሰባቱ ቅዳሜ ጤፍ የገዛሁት እሑድ ከቸርቻሪ ነው፤ ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልሁ። ለትራንስፖርት ብላችሁ የሰጣችሁን 100 ብር የአንዱን ቅዳሜ ልዩነት እንኳ አልሸፈነም። አንዲት ቃሪያና ሽንኩርት የምትሸጥ እናት በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። በሪፖርታችሁ ላይ «አቋራጭ» ተብላ ተመዝግባ ይሆናል። አላቋረጠችም፤ ሥራ ላይ ነበረች።

በአዳራሹ ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ የሚሠሩት አራቱ ናቸው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም እኩል ይሆናሉ። በእነዚህ አራት ኮምፒውተሮች 34 ሰው ተራ እየጠበቀ በኤክሴል ሠንጠረዥ መሥራት ተማረ። ቤቷ ኮምፒውተር ያላት አንዲትም ሠልጣኝ አልነበረችም። ስላይዶቹ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ። ስለ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ዕቅድ ሁለት ሰዓት፣ በሐምሌ 2016 ስለተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ሰማን። ያ ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ መልካም ነገር ነው፤ የእኅቴ ልጅ ይማርበታል። እኔ ግን ፕሮግራም መጻፍ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት የድርቆሽ ትእዛዝ በቴሌግራም እንዴት እንደምቀበልና ሒሳቤን በስልኬ እንዴት እንደምይዝ ነው። አሠልጣኙ «ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን» አለ። መጨረሻው የፎቶ ፕሮግራም ሆነ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ያልተሰጠውን ከየት አምጥቶ ያስተምር?

ከአጠገቤ የሚቀመጡት ከኦምዱርማን የመጡ አንድ ሱዳናዊ አባት ነበሩ፤ ፉልና ታሚያ እየሠሩ ይሸጣሉ። እንግሊዝኛውን አሠልጣኙ ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን እኔ ወደ ዓረብኛ ስንመልሰው ስላይዱ ያልፋል። አንድ ቀን «ያ ብንቲ (ልጄ ሆይ)፣ ይህ ሰውዬ ገንዘብ ይሰጠናል ወይስ ይወስድብናል?» አሉኝ። ሳቅሁ። በኋላ ነው ጥያቄው ያሳቀቀኝ።

ሥልጠናው ባለቀ በሳምንቱ አንድ ወጣት መጥቶ የ3,850 ብር ድርቆሽ አዘዘ። «በቴሌብር ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ገብቷል፤ የብሩ መጠን፣ ቀኑና የግብይት ቁጥሩ ሁሉ አለ። ዕቃውን አስረከብሁ። ማታ ሒሳቤን ሳየው አንድም ብር አልገባም። መልእክቱን የላከው ራሱ ሰውዬው ከተራ ስልክ ቁጥር ነበር። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 መሆኑን፣ ዕቃ ከማስረከብ በፊት የላኪውን ቁጥር ማየትና ቀሪ ሒሳብን ማረጋገጥ እንደሚገባ የነገረችኝ ያችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እናንተ ሰባት ቅዳሜ ወስዳችሁ ይህችን አምስት ደቂቃ አላገኛችኋትም። አብረውኝ የሠለጠኑትን ስጠይቅ ሌሎች ሦስት ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ መታለላቸውን ነገሩኝ፤ አንዷ የተታለለችው በስክሪንሾት ነው። የጠፋብኝን ብር ክፈሉኝ አልልም። ለነጋዴ የሚሰጥ የዲጂታል ሥልጠና ከሌባ መጠበቅን ካላስተማረ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው እላለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ቃል ስለገባችሁልን ድጋፍ ነው። በመክፈቻው ዕለት ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው ብድርና የመሸጫ ቦታ ቅድሚያ እንደሚያገኝ ተነገረን፤ በባነሩም ላይ ተጽፎ ነበር። የምስክር ወረቀቴን ይዤ ወደ ላካችሁኝ ቢሮ ስሄድ የቀበሌ መታወቂያ ጠየቁኝ። የፋይዳ መታወቂያ አለኝ፤ አሻራዬም የዓይኔም ምስል ተወስዷል፤ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣበት መታወቂያ ነው። የቢሮው ሠራተኛ «ማን እንደሆንሽ አውቀናል፤ የት እንደምትኖሪ ነው ያላወቅነው» አለኝ። ቀበሌ ሄድሁ፤ ከነበርሁበት መሸኛ እንዳመጣ ነገሩኝ። ወደ ተወለድሁበት ደምቢያ ሄድሁ፤ «ከወጣሽ ከ11 ዓመት በላይ ነው፣ መዝገብ ላይ የለሽም» አሉኝ። እንግዲህ ከዴም ሰፈር መሸኛ የሚጽፍልኝ ማን ይሆን? መተማ ስገባ የተሰጠኝ የምዝገባ ወረቀት በእጄ አለ፤ ማኅተምም አለው። ግን አንድም ቢሮ አልተቀበለውም። ሦስት ወገን፣ ሦስቱም በአንድ ከተማ አስተዳደርና በዙሪያው፣ እርስ በርስ ስልክ መደዋወል አቅቷቸው እኔን እንደ ፖስታ ያመላልሱኛል።

ሱዳናዊው አባት ደግሞ በር ላይ ነው የተመለሱት። «ይህ ለዜጋ ነው» ተባሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ዕውቅና ላገኘ ስደተኛ የመሥራት መብት ይሰጣል። ዝርዝር ሥርዓት ሊኖረው ይችላል፤ ያንን ማስረዳት የቢሮው ሥራ ነው። ብድሩ ለእርሳቸው የማይሆን ከነበረ ስማቸውን ስትመዘግቡ፣ ባነሩ ሥር አቁማችሁ ፎቶ ስታነሷቸው ለምን አልነገራችኋቸውም?

ከታኅሣሥ ጀምሮ ሁለተኛ ዙር ሠልጣኞች ልትመዘግቡ መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የሥልጠናው ቀን ከቅዳሜ እንዲነሳ፣ ትምህርቱ ሠልጣኙ ኪስ ባለው ስልክ፣ በአማርኛና ለሚያስፈልጋቸውም በዓረብኛ እንዲሰጥ፣ የክፍያ ማረጋገጥና የማጭበርበር መከላከል ትምህርት በመጀመሪያው ቀን እንዲገባ እጠይቃለሁ። ለእኛ ለመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች ይህ ክፍል በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢካካስ ይበቃናል፤ አዳራሽም ኮምፒውተርም አያስፈልግም፣ የቤቴ ግቢ ይይዘናል። ጽሕፈት ቤቱ የመተማው የምዝገባ ወረቀት በመሸኛ ምትክ እንዲያገለግል ለቀበሌው ደብዳቤ ይጻፍልን። ይህ የማይቻል ከሆነ የማይቻልበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡን፤ በቃል ከሆነ ሰምተነዋል።

የምስክር ወረቀቴን፣ የመተማውን የምዝገባ ወረቀትና ከተራ ቁጥር የተላከልኝን የሐሰት መልእክት ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ስልክ ቁጥሬ በሠልጣኞች መዝገብ ላይ አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ምጣድ ላይ ስለምሆን ከዚያ በኋላ ደውሉልኝ። ቅዳሜ ግን ገበያ ነኝ።

ከሠላምታ ጋር
(ስምና ፊርማ አለው)
የመጀመሪያው ዙር ሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለከተማው ከንቲባ ጽሕፈት ቤት