ቀበሮዋ የታለች?

ይድረስ ለሸጋው ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ውስጥ ናት። የጦሳን ተራራ ካየሁት ሰነበትኩ።

ሁለት ክረምት ድምፄን አጥፍቼ አሁን "እንደምን ከረምክ" ማለቴ እንደሚያናድድህ አውቃለሁ። ስደበኝ፣ ይገባኛል። እውነቱ ግን ይሄ ነው፦ የላክልኝን የእንጨት ፐዝል፣ ያንን ተቆራርጦ መልሶ የሚገጣጠም ሥዕል፣ ገጥሜ ፎቶውን ልልክልህ አስቤ ነበር። አንድ ወር ይበቃዋል ስል ወሩ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝምታዬ ራሱ አሳፈረኝ።

ሳጥኑን ስከፍት ክዳኑ ላይ ሥዕል የለም። ርዕስ ብቻ! ለካ የድሮዎቹ አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ምን እንደምትሠራ ሳታውቅ ነው የምትገጥመው። ነገሩን የጀመረው ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የለንደን ካርታ ሠሪ ነው አሉ። በፈረንጅ 1760ዎቹ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ፣ አገሮቹን በድንበራቸው እየቆረጠ፣ ለልጆች መማሪያ ይሸጥ ነበር። ትልልቆቹ ያበዱለት ዘግይቶ፣ በ1908 እና በ1909 ገደማ ነው። ያንተውም የዚያን ዘመን ይመስላል።

ቆራጩ ግን ተንኮለኛ ሰው ነው። መጋዙን የነዳው በቀለሞቹ ጠርዝ ነው። ቀዩ ኮት ለብቻው፣ ሳሩ ለብቻው፣ ሰማዩ ለብቻው። ግማሽ ኮት ግማሽ ሰማይ ሆኖ "ቦታዬ እዚህ ነው" የሚልህ ቁራጭ የለም። ደግሞ አብዛኞቹ አይቆላለፉም፤ ጎን ለጎን ይተኛሉ እንጂ አንዱ አንዱን አይዝም። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ጠረጴዛውን በክርኑ ነካ አደረገውና የሦስት ሳምንት ሥራዬ ተበተነ። ልጁን አልመታሁትም፣ ግን አሰብኩት።

እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር መጥታ ታያለች። ፈረሶቹ ወጡ፣ ውሾቹ ወጡ፣ ባለ ቀይ ኮቶቹ ወጡ። "ይሄ ሁሉ ሠራዊት የሚያድነው ምንድን ነው?" አለችኝ። ቀበሮ አልኳት። "ይበሉታል?" አይበሉትም። "አይ ፈረንጅ!" አሁን እንግሊዝና ዌልስ በውሻ መንጋ ማሳደዱን በፈረንጅ 2004 በሕግ ከልክለውታል ስላት "እሰይ!" አለች። እዚሁ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ላይ ያሉት የእኛዎቹ ቀይ ቀበሮዎች ትዝ ብለዋት ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም፣ ያደጉት ሁሉ ተደምረው 500 አይሞሉም።

ከዚያ ጥያቄዋ "ቀበሮዋስ የታለች?" ሆነ። ሥዕሉ ሊያልቅ ነው፣ ቀበሮ የለም። ለካ ገና ለአደን ሲሰባሰቡ ነው የተሣሉት። ይህንኑ ላስረዳት ስል አንዷን የሳር ቁራጭ አንስታ ገለበጠችና "ይቺ ምንድን ናት?" አለች። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ረጅም ጭራ። ሠዓሊው ያልሣላትን ቀበሮ ቆራጩ ከሳሩ ውስጥ በመጋዝ አውጥቷታል! እንዲህ ቁራጮችን በእንስሳና በዕቃ ቅርጽ መቁረጥ የድሮ ቆራጮች ጨዋታ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ ቀለሙን ብቻ እያየሁ ስንት ጊዜ በእጄ አገላብጫታለሁ መሰለህ።

የምሰበስባቸው አሮጌ ወረቀቶቼስ ካልከኝ፣ አሉ። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከከተማ ስንወጣ ካርቶኑን አልጋ ሥር ትቼው ነበር። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ የእማዬ ረከቦት እንኳ የለም። ወረቀቱ ግን ወለሉ ላይ ተበትኖ ጠበቀኝ። የደርግ ጊዜ የቀበሌ ኩፖን፣ የሎተሪ ቲኬት፣ የክብሪት ቤት፣ የአያቴ የግብር ደረሰኝ። ለአንድ ቀን የታተመ ወረቀት ማን ይሰርቀዋል? አንዱ ላይ የጫማ ዱካ አለበት። አላስለቀቅኩትም፤ እሱም ማኅተም ነው።

ሰኞ ገበያ ያለችው ባለ ቆሎ አሁን ደንበኛዬ ናት። መጠቅለያዋ ውስጥ አንዴ የ1970ዎቹ የሠርግ መጥሪያ አግኝቼ ስጨፍር ካየችኝ ወዲህ፣ አሮጌ ወረቀት ሲመጣላት ለእኔ ታስቀምጣለች። ሰው ስታስተዋውቀኝ "ወረቀቱን ወስዶ ቆሎውን የሚተው" ትለኛለች። ውሸቷን ነው፣ ቆሎውንም እበላለሁ።

ክረምቱ ግን ጠላቴ ነው። እርጥበቱ ወረቀቱን ያሻግታል። ፐዝሉንም በደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው የምወለውለው፤ ውሃ ከነካው እንጨቱ ያብጥና ሥዕሉ ይላጣል።

ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ቀበሮዋን ራስህ ፈልጋት፣ አልነግርህም።

ደግሞ አንድ ነገር ልለምንህ። ፐዝሉን ስትገዛ ደረሰኝ ሰጥተውህ ነበር? ኪስህን፣ የድሮ ቦርሳህን፣ መጽሐፍ መሃል ሁሉ ፈትሽልኝ። ካገኘኸው ሳታጥፍ ላክልኝ። ጥለኸው ከሆነ ግን አትንገረኝ።

ያው እኔ፣
ከደሴ