የትምህርት ቤታችንን ጎመን ከተባይ ስለመጠበቅ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የእግዚአብሔር ሰላም ከእናንተ ጋር ይሁን።

ልጆቻችሁ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም፤ የትምህርት ቤቱ ጎመን ተባይ ገብቶበታል። ክረምቱን ዝናቡ እያጠበ ሲያወርደው ከረመ። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ተራባ። ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጉት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አመዱ ይንቀሳቀሳል። ቅጠሉን የሚበሳሳ ትንሽ አረንጓዴ ትልም አለ፤ ሲነኩት ተወራጭቶ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ሌሊት ደግሞ ቆራጭ ትል ወጥቶ ችግኙን ከሥሩ ይቆርጠዋል።

አንዳንዶቻችሁ መድኃኒት ገዝተን እንላክ ብላችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን በዚህ ግቢ መድኃኒት አይረጭም። ልጆቹ ካሮት ነቅለው፣ በዩኒፎርማቸው ጠረግ አድርገው እዚያው ይበላሉ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የአንደኛ ክፍል ልጅ ቆጥሮ አይጠብቅም። ምልክት በሌለው ሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውማ ምንነቱም አይታወቅ። ደግሞም አረንጓዴው ትል ብዙ ዓይነት መድኃኒት የለመደ ነው። እሱ ሳይሞት፣ ክሽክሹን እየለቀመች የምትበላልንን ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛ እንጨርሳታለን። ንቦቹንም እንዲሁ።

ስለዚህ የምንጠብቀው በዓይንና በእጅ ነው። ከሰልፍ በፊት እያንዳንዱ ክፍል የራሱን መደብ ቅጠል በቅጠል እየገለበጠ ያያል። ትሉ ይለቀማል፤ ክሽክሽ የወረረው ቅጠል ተቆርጦ ይቀበራል። የቀረውን ወደ ማታ ላይ በቀጭኑ በተበጠበጠ የሳሙና ውሃ በቅጠሉ ጀርባ በኩል እንረጨዋለን። ሳሙናው ከበዛ ቅጠሉን ያቃጥላልና ይህን የሚበጠብጡት መምህራን ብቻ ናቸው። ለቆራጩ ትል፣ ላይና ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ በየችግኙ ዙሪያ አፈር ውስጥ ገባ አድርገን እናቆማለን።

በጠዋት ጸሎታችን ላይ አንድ ልጅ «እግዚአብሔር ትልን ለምን ፈጠረ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል። ጌታችን የሰማይ ወፎችን የሰማዩ አባታችሁ ይመግባቸዋል ሲል፣ ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በዚሁ ትል መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ዘፍጥረት 2፥15ን አነበብን። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። እሾህና አሜከላው የመጣው በምዕራፍ 3 ነው። እንግዲህ አትክልት መጠበቅ ቅጣት ሆኖ አልመጣም፤ ሰው ገና ሳይበድል የተሰጠው ሥራ ነው። ልጆቻችን ጎንበስ ብለው ቅጠል ሲገለብጡ ይህን እያወቁ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቆሸሹ ብላችሁ እንዳትቆጧቸው አደራ።

ከእናንተ የምንለምነው ባዶ ሃይላንድ፣ ቁራጭ የገላ ሳሙናና ትርፍ የሽንኩርት ችግኝ ነው፤ ሽንኩርቱን በጎመኑ መካከል እንተክለዋለን። የሚመቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ልቀሙ። በተለይ ጓሮ ያላችሁ እናቶችና አባቶች ብትመጡ ከእናንተ የምንማረው ብዙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ በጾሙ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እስር ጎመን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር