«ፍሬን ነው» ብዬ ነበር፦ ስለ ባቡር አደጋ ግምትና ወሬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

ባሕር ዳር ሐዲድ አልደረሳትም። ከልጆቿ ብዙዎቹ ባቡር የሚያውቁት በቴሌቪዥን ወይም አዲስ አበባ ሲሄዱ ነው። እንዲያም ሆኖ ባቡር የሚወዱ ሰዎች አሉን። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አባቴ ዕድሜውን በድሬዳዋ በምድር ባቡር ሠራተኝነት ስላሳለፈ ፍቅሩን የወረስኩት ከእርሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ከአምስት ስድስት ወጣቶች ጋር እንገናኛለን። የድሮ ትኬት፣ የሎኮሞቲቭ ፎቶግራፍ፣ ከቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራ ፉርጎ የያዘ ይዞ ይመጣል፤ ስለ ሐዲድ ስፋት፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ ምልክት መብራት እስኪመሽ እንጨዋወታለን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በዚሁ ጨዋታ መካከል የሠራሁት ስህተት ነው።

ግንቦት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ባላሶር አካባቢ ሦስት ባቡሮች ተጋጭተው ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ወጣቶቹ በቴሌቪዥን ያዩትን የተቆለለ ፉርጎ እያነሡ ፊታቸውን ወደ እኔ ሲያዞሩ፣ አላውቅም ማለት ሲገባኝ «ፍሬን ነው» አልኩ። በዚያም አላበቃሁም፤ የሂሳብ ደረሰኙን ገልብጬ የአየር ፍሬን ቧንቧ እንዴት ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ እንደሚዘረጋ፣ አየሩ በድንገት ሲወጣ ፍሬኑ እንዴት ራሱ እንደሚይዝ፣ የትኛው ክፍል ቢዘጋ ባቡሩ እንደማይቆም እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ሥዕሉ ትክክል ነበር፤ ከአደጋው ጋር ግን የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም።

በኋላ እንደታወቀው፣ ኮሮማንዴል ኤክስፕረስ የተባለው የመንገደኞች ባቡር በዋናው ሐዲድ ቀጥ ብሎ ማለፍ ሲገባው ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ቆሞ ከነበረ የጭነት ባቡር ጋር ተላተመ፤ ከሐዲድ የወጡት ፉርጎዎቹም በተቃራኒው አቅጣጫ ያልፍ ከነበረ ሌላ የመንገደኞች ባቡር ጋር ተጋጩ። የአገሪቱ የባቡር ደኅንነት ምርመራ መንስኤውን ያገኘው በምልክት መብራቱ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ መስመሩ ላይ በተደረገ ለውጥ የተፈጠረ የሽቦ ስህተት ሳይታረም ቆይቶ፣ በዚያው ሰሞን የመኪና ማቋረጫ መዝጊያ ለመተካት በተሠራው ሥራ ሌላ ስህተት ተጨመረበት። ስለዚህም ነጂው ቀጥ ብለህ እለፍ የሚል አረንጓዴ መብራት እያየ፣ ከፊቱ ያለው ሐዲድ ግን ወደ ጎን ዞሮ ነበር። ፍሬን በነገሩ ውስጥ አልነበረበትም።

ይህን ለወጣቶቹ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኩ። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከወራት በኋላ የአንዱ ልጅ አባት ገበያ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «መምህር፣ ያ የሕንዶቹ ባቡር ፍሬን እምቢ ብሎት ነው አይደል? ልጄ ከእርስዎ ሰምቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ነግሯል» አለኝ። በቅን ልቦና፣ እኔን ለማክበር ነው ያለው። በዚያ ቀን የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም።

በዚያው አደጋ ከእኔ ግምት የከፋ ወሬም ተነዝቶ ነበር። ከሐዲዱ አጠገብ በፎቶግራፍ የታየ አንድ ነጭ ሕንፃ መስጊድ ነው ተብሎ አደጋውን ከአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ጋር ለማያያዝ ተሞከረ። ሕንፃው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነበር፤ የግዛቲቱ ፖሊስም ሬሳ ገና ተነሥቶ ሳያልቅ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ ወሬ የሚያሰራጩትን ለማስጠንቀቅ ተገደደ።

ስለ ባቡር ምንም የማያውቅ ሰው የአደጋ ዜና ሲሰማ «ነፍስ ይማር» ብሎ ያልፋል፤ ቢገምትም ግምቱን ማንም አይይዘውም። ባቡር የምንወድ ሰዎች ግን ጥቂት እናውቃለን፤ ጥቂት ማወቅም ያወቁትን ነገር በየአደጋው ውስጥ ያሳያል። ስለ ፍሬን ያነበበ ፍሬን፣ ስለ ሐዲድ ያነበበ የሐዲድ ስንጥቅ ይታየዋል። ቃላቱን ስለምናውቅ ንግግራችን የባለሙያ ይመስላል፤ ሰሚው ግምታችንን እንደ ምርመራ ውጤት ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከሌላው ሰው ይልቅ እኛ ልንጠነቀቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስል በዚሁ በጣና ዳር ያየሁትን ልጨምር። ባለፈው ክረምት ከዘጌ የሚመለስ አንድ የመንገደኞች ጀልባ ከቀኑ 10 ሰዓት መድረስ ሲገባው እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሳይታይ ቀረ። ሰው ወደ ዳርቻው ሲሰበሰብ መጀመሪያ ማዕበል ገለበጠው ተባለ፤ ቀጥሎ ከልክ በላይ ጭኖ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ ነጂው ሰክሮ እንደነበር በዓይኑ ያየ ሰው አለ ተባለ። ያ ሰው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አንዲት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የልጇን ስም እየጠራች ከዳርቻው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይዘዋት ነበር። ጀልባው ጨለማውን ሰንጥቆ ሲመጣ ልጇ የቡና ከረጢት ታቅፎ ከፊት ቆሞ ነበር። የሆነው ይህ ነው፦ የሞተሩ መቅዘፊያ በዓሣ አጥማጆች መረብ ተጠልፎ፣ ነጂው ውኃ ውስጥ ገብቶ መረቡን በቢላ ሲቆርጥ አመሸ። መንገደኞቹን በሰላም ያመጣ ሰው ነው፤ ነገር ግን ዛሬም ከእርሱ ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት «ያ ሰካራሙ አይደለም?» ብለው የሚጠይቁ አሉ።

አባቴ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ኩርባ ላይ ካለ ድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሲያልቁ እኔ ልጅ ነበርኩ። ስለ አደጋው ያልተባለ ነገር አልነበረም፤ ቤታችን የሚመጣ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይዞ ይመጣና የባቡር ሠራተኛ ነህና አንተ ፍረደን ይለው ነበር። ባቡሩ በኩርባው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ከተነገረ በኋላ እንኳ ስለ ነጂው ሲጠይቁት፣ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር። ያን ጊዜ ዝምታው ፍርሃት ይመስለኝ ነበር።

የአደጋ ምርመራ ለምን ጊዜ እንደሚወስድ የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ ላክ ሜጋንቲክ በምትባል ከተማ፣ ሌሊት ዳገት ላይ ቆሞ የነበረ 72 የድፍድፍ ነዳጅ ፉርጎዎች ያሉት ባቡር ነጂ ሳይኖርበት ቁልቁል ተንዶ ከተማው መሐል ተቃጠለ፤ 47 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ሆን ብሎ ነካክቶት ይሆናል ተባለ፤ ቀጥሎ ጥፋቱ ሁሉ በነጂው ላይ ተደፋ። መርማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ያወጡት ሪፖርት ግን ለአደጋው አስተዋጽኦ ያደረጉ 18 ምክንያቶችን ለይቷል። በአግባቡ ያልተጠገነው ሎኮሞቲቭ እሳት ያዘው፤ እሳቱን ለማጥፋት የመጡት ሠራተኞች ሞተሩን አጠፉት፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሎኮሞቲቮቹን ፍሬን የያዘው አየር ቀስ በቀስ አለቀ፤ ነጂው አጥብቋቸው የነበሩት 7 የእጅ ፍሬኖችም ያን ክብደት ለመያዝ አልበቁም። ከዚህ በስተጀርባ የድርጅቱ የደኅንነት አሠራር ደካማነትና የመንግሥት ቁጥጥር መላላት ነበር። ነጂውና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከተከሰሱበት ወንጀል ነጻ ተባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የተናገረ ሰው ከ18ቱ አንዱን ቢገምት እንኳ የቀሩትን 17 ሸፍኖ ያልፍ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከባቡር ውጭም ቢሆን ይህን ቀምሰነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ገና ምርመራው ሳይጀመር በውጭ አገር አብራሪዎቹን የወቀሱ ሰዎች ነበሩ። ከአንድ ወር በታች በሆነ ጊዜ የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው መፈጸማቸውን ገለጸ። የሚወዱትን ቀብረው ሳይጨርሱ ያን ወቀሳ የሰሙትን ቤተሰቦች አስባቸዋለሁ። የሕንዱም፣ የካናዳውም ነጂ ቤተሰብ አለው።

በእርግጥ ወሬ የሚበቅለው ዝምታ ባለበት ነው። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አደጋ ሲደርስ የተረጋገጠውን ቶሎ ቢናገሩ፣ ያልታወቀውንም ገና አልታወቀም ቢሉ ግማሹ ወሬ ባልተወለደ ነበር። ጋዜጦቻችንም ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያ ቀን ዜና በፊት ገጽ በትልቅ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣው የምርመራ ሪፖርት ግን ነገሩ ቀዝቅዟል ተብሎ ይታለፋል፤ አንባቢ ዘንድ የሚቀረውም የመጀመሪያው ቀን ግምት ነው። ስለዚህ ጋዜጣችሁ የአደጋን ዜና ሲያትም መንስኤ የተባለውን ማን እንዳለውና በምን ላይ ተመሥርቶ እንዳለው አብሮ እንዲጽፍ፣ የምርመራው ውጤት ሲወጣም ወደ ዜናው እንዲመለስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እኛ ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ይዘናል። የባቡር አደጋ በተሰማ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውንና የተረጋገጠውን እንጽፋለን፤ የመንስኤው መስመር ሪፖርት እስኪወጣ ባዶ ይቆያል። ለመገመት የሚቸኩል ሲኖር ከወጣቶቹ አንዱ ደብተሩን ገልጦ ባዶውን መስመር ያሳየዋል። ዝግጅት ክፍሉ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሪፖርቶቹ ሲወጡ አንብበንና በአማርኛ አሳጥረን ያለምንም ክፍያ ለመላክ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚክስ መምህር
ከባሕር ዳር