ለምርምር የምናውሰው ኮምፒውተር አስቀድሞ ይፈተሽ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያደርጋቸው ስለሚገቡ ጉዳዮች በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ይለፍ ቃልና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የተሰጠው ምክር ተገቢ ነው። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን የኮምፒውተርን ትርፍ አቅም ለሳይንሳዊ ስሌት መለገስ እንደሚቻልና ለዚህም ፕሮግራሙን ጭኖ መተው ብቻ እንደሚበቃ ተገልጿል። ልገሳውን ማበረታታታችሁ አስደስቶኛል፤ ጭኖ መተው ይበቃል የሚለው ግን ትክክል ስላልሆነ፣ ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ የተሳተፍኩ እንደመሆኔ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ለነገሩ አዲስ የሆኑ አንባቢያን እንዲረዱት ያህል፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ስሌት ወደ ትንንሽ ድርሻዎች ይከፋፈልና በኢንተርኔት አማካይነት ፈቃደኛ ለሆኑ ሰዎች የቤት ኮምፒውተሮች ይታደላል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የደረሰውን አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል፣ ከዚያም ሌላ ድርሻ ይቀበላል። ብዙ ሰው ይህን አሠራር ያወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በተጀመረውና ከጠፈር በሚመጡ የሬዲዮ ሞገዶች ውስጥ የሌላ ሥልጣኔ ምልክት ይፈልግ በነበረው ሴቲ አት ሆም ነው። ያ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አዲስ ድርሻ ማደል አቁሟል። ከእርሱ የተወለደው ቦይንክ የተባለው ፕሮግራም ግን ዛሬም በርካታ ፕሮጀክቶችን ያገለግላል፤ የፕሮቲኖችን አተጣጠፍ የሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም ደግሞ በራሱ ፕሮግራም ይሠራል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ዓመት አዲስ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገጣጥሜ በዚያው ምሽት ቦይንክን ጫንኩበት። ኮምፒውተሩ አንዳች እንከን አይታይበትም ነበር፤ ፊልም ያጫውታል፣ ሰነድ ይከፍታል፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም አንድ ጊዜ እንኳ ተቋርጦ አያውቅም። በሳምንቱ የመለስኳቸውን ውጤቶች ዝርዝር ስከፍት ግን ከ14ቱ ድርሻዎች መካከል 5ቱ ተቀባይነት የላቸውም ተብለው ወድቀው አገኘኋቸው። እያንዳንዳቸው ከስድስት ሰዓት በላይ የተሠራባቸው ነበሩ። መጀመሪያ ጥፋቱ የፕሮጀክቱ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን የሜሞሪ (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ አድርጌ ኮምፒውተሩን በእርሱ አስነሣሁትና ሌሊቱን ሲፈትሽ አሳደርኩት። ጠዋት ስመለከት በስክሪኑ ላይ ቀያይ የስሕተት መስመሮች ተደርድረዋል። ምክንያቱ የእኔው ነበር፤ ኮምፒውተሩን ስገጣጥም በባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚሠራው መሠረታዊ ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ውስጥ ገብቼ ሜሞሪው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት እንዲሠራ አድርጌው ነበርና። ያ ፍጥነት ከመደበኛው በላይ መሆኑን፣ በሁሉም ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ላይም ያለ ችግር ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ወደ መደበኛው ፍጥነት መልሼ በሁለተኛው ሌሊት ደግሜ ስፈትሸው አንድም ስሕተት አልታየም፤ ከዚያ ወዲህ የላክሁት ውጤት ወድቆብኝ አያውቅም።

ይህን በዝርዝር የተረክሁት አንባቢ አንድ ነገር እንዲያጤንልኝ ስለምፈልግ ነው። በፊልም መካከል አንድ ነጥብ ቀለሟ ብትሳሳት ማንም አያስተውለውም። በሳይንሳዊ ስሌት ግን በመጀመሪያው ደቂቃ የተሳሳተች አንዲት ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ታበላሻለች። ፕሮጀክቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ አንዱን ድርሻ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ይልኩና ሁለቱ ውጤቶች ሲስማሙ ብቻ ይቀበሏቸዋል፤ ካልተስማሙ ለሦስተኛ ሰው ይላካል። ስለዚህ ያልተፈተሸ ኮምፒውተር የባለቤቱን ኤሌክትሪክ ከማባከን አልፎ ተጣማሪው የሠራው ትክክለኛ ሥራ እንዲዘገይና ሦስተኛ ሰው ያንኑ እንደገና እንዲያሰላ ያደርጋል።

ይህ ጥንቃቄ ምን ፍሬ እንዳፈራ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አይንስታይን አት ሆም የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በተገኘ መረጃ ውስጥ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክ እጅግ የታመቀ የኮከብ ቅሪት፣ ማግኘቱን አስታውቋል። ምልክቱን ያገኙት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት ኮምፒውተርና በጀርመን ማይንዝ ከተማ የሚኖር ሌላ ሰው ኮምፒውተር ነበሩ። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በሁለት አህጉር ባሉ ማሽኖቻቸው አንዱን ምልክት አገኙት። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ከሁለቱ አንዱ ማሽን የእኔ የያን ጊዜው ቢሆን ኖሮስ ብዬ ማሰቤም አልቀረም።

እንግዲህ አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ሌሊት ለፍተሻ ይስጥ። ከሜሞሪው ፍተሻ በተጨማሪ ፕሮሰሰሩን እስከ መጨረሻው አስጨንቆ የሚፈትን ፕሮግራም አለ። ፕራይም95 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በጆርጅ ዎልትማን ለተጀመረው፣ ግዙፍ ዋና ቁጥሮችን (በራሳቸውና በአንድ ብቻ የሚካፈሉ ቁጥሮችን) ለሚፈልገው የፈቃደኞች ፕሮጀክት የተሠራ ነው። ያው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2024 በ41,024,320 አኃዞች የሚጻፍ ዋና ቁጥር አግኝቷል። ፕሮግራሙ ያገኘውን መልስ አስቀድሞ ከታወቀው ትክክለኛ መልስ ጋር ስለሚያነጻጽር ማሽኑ ሲሳሳት ወዲያው ያጋልጠዋል። ግራፊክስ ካርዱም ለስሌት እንዲውል የሚፈልግ ሰው ድራይቨሩን (ካርዱን ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ቢያወርድ ይሻለዋል፤ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣው ለስሌት የሚያስፈልገውን ክፍል ላያካትት ይችላልና።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ወር ሥራውን የሚተወው በእርሱና በማራገቢያው ጩኸት ምክንያት ይመስለኛል። በቦይንክ ውስጥ ጫናን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ የሚሠሩትን ኮሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ የሚያሰሉትን ክፍሎች፣ ቁጥር መቀነስ፣ ሌላው የሥራ ጊዜያቸውን በመቶኛ መገደብ ነው። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ እየሠራ ለአጭር ጊዜ እያረፈ ስለሚቀጥል ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ማራገቢያውም አብሮት ይጮኻል ዝም ይላል። ስለዚህ ጊዜውን 100 በመቶ ትቶ የኮሮቹን ቁጥር ወደ ግማሽ ማውረድ ይበልጣል። የእኔ ኮምፒውተር ስምንት ኮሮች አሉት፤ ለስሌት የምሰጠው አራቱን ነው። ሌሊት አጠገቡ ተኝቼ ድምፁን አልሰማውም።

መብራት በድንገት ቢጠፋ ሥራው ከምን ላይ ይቀጥላል የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። አብዛኞቹ ስሌቶች የደረሱበትን በየጊዜው ወደ ዲስክ ስለሚጽፉ መጨረሻ ከተጻፈው ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ ድርሻ የመመለሻ ቀን ስላለው ግን ማሽኑ ሠርቶ ከሚጨርሰው በላይ ድርሻ አከማችቶ መያዝ አይገባም፤ የአንድ ቀን ስንቅ ይበቃል።

ስለ ወጪውም በግልጽ መነገር አለበት። በስሌቱ ምክንያት 100 ዋት ተጨማሪ የሚበላ ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት ቢሠራ በቀን 2.4፣ በ30 ቀን ደግሞ 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አንባቢ ይህን በሚከፍለው ታሪፍ አባዝቶ አቅሙ የሚፈቅደውን ሰዓት ይወስን፤ በቀን አራት ሰዓት የሚሠራም ቢሆን ይጠቅማል። ላፕቶፕ ያለው ሰው በባትሪ ላይ እንዳይሠራ የሚያዘውን ምርጫ እንደበራ ይተወው፤ ላፕቶፑንም በአልጋ ልብስ ላይ አያስቀምጠው።

ፕሮግራሙ ከፕሮጀክቱ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ይወረድ። በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኃላፊው ሳይፈቅድ ፈጽሞ አይጫን፤ የሚለገሰው ኤሌክትሪክም ማሽኑም የሌላ ሰው ንብረት ነውና።

ዓምዳችሁ በቀጣይ እትሞቹ ወደዚህ ጉዳይ የሚመለስ ከሆነ፣ የሜሞሪ ፍተሻው ከባዶ ፍላሽ ጀምሮ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ በሥዕል አስደግፋችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ