የምስጋና መልእክት ከአንድ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ

በቅድሚያ ከአልጋዬ አንሥቶ ይህችን መልእክት በገዛ እጄ ለመጻፍ ላበቃኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ስለ ደረሰብኝ አደጋም ሆነ ስለ ዳሌዬ ቀዶ ሕክምና፣ ከደጀን እስከ ዳንግላ ያላችሁ ወዳጆቼ ጠንቅቃችሁ ስለምታውቁት እዚህ አልዘረዝርም። ይህን የምጽፈው ስለ እናንተ ነው፤ ከእናንተም መካከል፣ ሌሎቻችሁ እንደማትቀየሙኝ በማመን፣ ከአንዲት ልጄ እጀምራለሁ።

ልጄ የምላት ስለ ወለድኋት አይደለም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ ደብረ ማርቆስ ላይ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን በማሠለጥንበት ዘመን ኳስ እየመራች ጓደኞቿን የምታጫውት፣ ቁመቷ አጭር፣ ልቧ ግን የማይበገር ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ ባሕር ዳር ነርስ ናት። «ስሜን ከጻፉ እቀየምዎታለሁ» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ ስሟን አልጠራም። መውደቄንና ወደ ባሕር ዳር መወሰዴን በሰማች ጊዜ የዓመት ዕረፍቷን አስፈቅዳ አልጋዬ አጠገብ ተተከለች። ባለቤቴ የስኳር ሕመም እንዳለባት ስለምታውቅም «እትዬ እኔ ቤት ይረፉ፤ ሌሊቱ የእኔ ነው» ብላ አስታማሚነቱን ተረከበች። ለአንድ ሽማግሌ መምህር በተማሪው እጅ ገላውን መታጠብ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል፤ እርሷ ግን በፎጣ ስታብሰኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ የድሮ ጨዋታዎቻችንን ታወራልኝ ነበር። ይህን በአደባባይ በመጻፌ ትወቅሰኝ ይሆናል፤ ትውቀሰኝ።

አንዲት ጠዋት ግን ከሁሉም ትበልጥብኛለች። ሐኪሙ በመደገፊያ እንድቆም ባዘዘበት ቀን፣ ከሥሬ በርከክ ብላ ያበጠውን እግሬን ጭኗ ላይ አሳርፋ የሱፍ ካልሲ አጠለቀችልኝ። ከዚያም በአውራ ጣቷ መጀመሪያ የትንሿን ጣቴን ዙሪያ፣ ቀጥሎም ተረከዜን እየዳሰሰች የተጨማደደውን ሁሉ አቃናች፤ የጫማዬንም ክር ከጣቶቼ በኩል ጀምራ ቀዳዳ በቀዳዳ እየሳበች አጠበቀችው። እንባዬ ቀደመኝ። በየዓመቱ የልምምድ መክፈቻ ቀን፣ ኳስ ከመንካታቸው በፊት፣ ለእርሷና ለጓደኞቿ አስተምራቸው የነበረው ይህንኑ ነውና፤ እነሱም ያኔ ከኋላዬ ይስቁብኝ እንደነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ በአካል የማላውቀውን፣ ካረፈም ዓመታት ያለፉትን አንድ ሰውም ማመስገን ይገባኛል። ያንን ትምህርት እኔ ያገኘሁት ከአሜሪካዊው አሰልጣኝ ከጆን ዉደን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 በኢንዲያና ግዛት ተወልዶ፣ መብራትና የቧንቧ ውኃ በሌለው የገበሬ ቤት ያደገው ይህ ሰው፣ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር ተጫዋች ከሆነ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርና አሰልጣኝ ሆኖ ሠራ። ከ1948 እስከ 1975 ሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲያሠለጥንም፣ ተጫዋቾቹ የቱንም ያህል ዝነኛ ሆነው ቢመጡ፣ የመጀመሪያው ትምህርታቸው የካልሲና የጫማ አጠላለቅ ነበር፤ እነ ካሪም አብዱል ጀባርና ቢል ዋልተን የመጡት ከዚህ ሰው እጅ ነው። የተጨማደደ ካልሲ እግርን ውኃ ያስቋጥራል፣ እግሩ ውኃ የቋጠረ ተጫዋች ደግሞ ልምምድም ጨዋታም ያመልጠዋል ባይ ነበር።

እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊቶች ልጄ የዚህኑ ሰው ታሪክ ከስልኳ እያነበበች ታጫውተኝ ነበር። ሰዎች ስለ እርሱ ሲያወሩ በ12 ዓመታት ውስጥ ያገኛቸውን 10 የአገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫዎች፣ ከእነዚህም 7ቱ በተከታታይ የመጡ መሆናቸውን፣ ቡድኑ 88 ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጉዞ በጥር 1974 በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን 71 ለ70 መረታቱን ይቆጥራሉ። በዚያ አልጋ ላይ እኔን ያበረታኝ ግን ሌላው ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው በ1964፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነበር። መቼ ነው ያለ መደገፊያ የምሄደው እያልሁ ባስቸገርኋት ቁጥር «16ኛው ዘመን ላይ ደረስን እንዴ፣ ጋሼ?» እያለች ታስቀኝ ነበር።

አስበልጬ የምወድለት ሥራ ግን ከዋንጫዎቹ በፊት የሠራው ነው። በኢንዲያና ስቴት የመምህራን ኮሌጅ ሳለ፣ በ1947 ቡድኑ ለአገር አቀፍ ውድድር ተጋበዘ፤ ውድድሩ ጥቁር ተጫዋቾችን ስለማይፈቅድ ክላረንስ ዎከር የተባለውን ተማሪውን ጥሎ ከመሄድ ግብዣውን መለሰ። በዓመቱ ክልከላው ተነሥቶ ዎከርን ይዞ ሄደ፤ ፍጻሜ ደርሶም ተሸነፈ። እኔ ከ10ሩ ዋንጫ ይህን ሽንፈት እመርጣለሁ። አንቡላንሱ ውስጥ ቦታ የለም ሲባል ባለቤቴን ለብቻዋ ጥለን አንሄድም ብላችሁ በውድቅት ሌሊት ሌላ መኪና የፈለጋችሁ የሠፈሬ ሰዎች፣ ስለ ዎከር ሲነበብልኝ ያሰብሁት እናንተን ነበር።

በአገራችን ባለቤትን በአደባባይ ማመስገን ልማድ አይደለም፤ አንዳንዱም ያፍርበታል። ዉደን ግን ባለቤቱ ኔል በመጋቢት 1985 ካረፈችበት ጊዜ ጀምሮ ወር በገባ በ21ኛው ቀን ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። እኔ በሕይወት ላለችው፣ ሽሮ በጨው አልባ እየሠራች ላበረታችኝ ባለቤቴ አንዲት መስመር ብጽፍ አይበዛብኝም፦ ተባረኪልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ደም የለገሳችሁ ወጣቶች፣ የቀዶ ሕክምናው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሞጣ ድረስ የመጣችሁ የቀድሞ ተጫዋቾቼ፣ አጥሚትና በሶ ይዛችሁ ያልተለያችሁን እናቶች፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ አባቶች፣ በውጭ አገር ሆናችሁ ያዋጣችሁ ልጆቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስም መጥራት ብጀምር መርሳቴ ስለማይቀር ማንንም አልጠራሁም፤ ሳላውቅ ያለፍኋችሁ፣ በተለይም በማደንዘዣ ላይ ሳለሁ መጥታችሁ የተመለሳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከመዋጮው ከሕክምና ወጪ የተረፈው ገንዘብ በእድራችን ገንዘብ ያዥ እጅ ይገኛል፤ ደረሰኞቹም ከእርሱ ዘንድ ስለሆኑ ማንም ሰው ማየት ይችላል። የእኔ ሐሳብ ለልጆቹ የቅርጫት ሰሌዳ ማሠሪያና የመረብ መግዣ እንዲሆን ነው። በዚህ የማይስማማ አዋጪ ካለ እስከ ጥምቀት ድረስ ለገንዘብ ያዡ ቢያሳውቅ ድርሻው ይመለስለታል።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ማርቆስ