ለደንበኞቻችን፦ የመሃሉን ዳዶ አትንኩት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ አንድ ደንበኛችን ደወሉልን። የፒክአፓቸውን ፊት በክሪክ አንስተው፣ ጎማውን አውልቀው፣ የመኪና ፊት ከፍ ለማድረግ ከምንሸጠው ስፔሰር (በመሃል የሚገባ ማሟያ) ጋር ያለውን መመሪያ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ነው የደወሉት። "ላይ ያሉትን ዳዶዎች ፍቱ ይላል። እኔ የማየው አራት ነው። አራቱንም ልፍታ?" አሉን። ስልኩን ያነሳው ልጅ ላብ ላብ አለው። እንኳን ጠየቁ! ወረቀቱን የጻፍነው እኛ ነን፤ ጥፋቱም የኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊቱን ከፍ የሚያደርገው ስፔሰር የሚገባው ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ሆነው ከመኪናው አካል ጋር በሚታሰሩበት አናት ላይ ነው። እዚያ ዙሪያውን ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች አሉ። የሚፈቱት እነሱ ብቻ ናቸው። መሃል ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ግን የተጨመቀውን ሞላ አምቆ የያዘ ነው። እሱ ከተፈታ ሞላው ይፈናጠራል፤ ሰው ሊገድል ይችላል። ከአሁን በኋላ በየሳጥኑ ቀይ ተለጣፊ እናደርጋለን። አሮጌው ወረቀት እጃችሁ ላይ ካለ ቀዳችሁ ጣሉት።

ሌላው በየጊዜው የሚመጣው ቅሬታ "የተሳሳተ ዕቃ ላካችሁልኝ" የሚለው ነው። ስፔሰሩ ሲለካ 1 ኢንች ነው፣ መኪናው ግን 2 ኢንች አካባቢ ከፍ አለ። ስህተት የለውም። ሾኩ የታሰረው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ከሚያገናኘው ታችኛው ክንድ መሃል አካባቢ ሲሆን ጎማው ያለው ጫፉ ላይ ነው። በርን ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ግፉት፤ እጀታው ያለበት ጫፍ ብዙ ይሄዳል። ልዩነቱ ከመኪና መኪና ይለያያል። ስለዚህ "ትንሽ ልጨምርበት" ብላችሁ ሁለት ስፔሰር አትደራርቡ። ስትለኩም ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። የጎማ ንፋስ አያሳስታችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንንገራችሁ፤ ለገበያችን ባይጠቅምም። ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ዝቅ የሚለው በምክንያት ነው፤ ኋላው ሲጫን እንዲስተካከል ነው። ዘወትር ከባድ ጭነት የምትጭኑ ከሆነ፣ ስፔሰሩ ሲገባ ፊቱ ሽቅብ ያያል፣ መብራታችሁም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ለእናንተ ባትገዙት ይሻላል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙ፣ የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አድርጉ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንጠልጥላችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ የብረት ማቆሚያ ይኑረው። ሾኩን ከማውጣታችሁ በፊት የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦውን ከመያዣቸው አላቁ፤ አለበለዚያ ይወጠራሉ። የላይኛው ቦል ጆይንት (የጎማ መያዣውን ከላይኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ክብ መገጣጠሚያ) ሲላቀቅ የጎማ መያዣው በክብደቱ ወደ ውጭ መውደቅ ይፈልጋል። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከሆነ ደግሞ አክሱሉን ከውስጥ መገጣጠሚያው ጎትቶ ሊያወጣው ይችላል። አንድ ሰው ይያዝላችሁ፤ ካልሆነ በገመድ እሰሩት። አሥር ደቂቃ ቢያስወጣችሁ ነው።

በክንዶቹ መገጣጠሚያ ላይ ባለው ላስቲክ ውስጥ የሚያልፉትን ብሎኖች መጨረሻ ላይ፣ መኪናው በጎማው መሬት ሲቆም አጥብቁ። በአየር ላይ ከጠበቁ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራልና ቶሎ ይቀደዳል። የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውሰዱ። የጎማ ዳዶዎችን ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እዩአቸው።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) በዚያው ቀን ይሠራ፣ የፊት መብራትም ይስተካከል። "ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ምን አለበት" የሚል ሰው አዲስ ጎማውን በጥቂት ወራት ይበላል።

መሃል መንገድ ላይ ግራ ከገባችሁ መኪናውን በማቆሚያው ላይ ተዉትና የሾኩን አናት ፎቶ ላኩልን። የሚፈቱትን ሦስቱን ምልክት አድርገን እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለዋወጫ ክፍሉ ባልደረቦች