የጥናት ካርድ አሠራራችን ይታረም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጤና ሙያ ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚወስዱት ምዘና ሲቃረብ በየኮሌጁ ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይጨናነቃሉ፤ በቴሌግራምም ማን እንዳዘጋጃቸው የማይታወቁ የጥያቄ ፒዲኤፎች ይዘንባሉ። ተማሪዎቻችን «ፍላሽ ካርድ» የሚሏቸው፣ በላስቲክ የታሰሩ ቁርጥራጭ ወረቀቶችም ከእጃቸው አይጠፉም። አዋላጅ ነርሶችን የማስተምር እንደመሆኔ በካርድ ማጥናትን አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ቅሬታዬ ካርዶቹ በሚዘጋጁበት መንገድ ላይ ነው።

ከማያቸው ካርዶች ብዙዎቹ ደብተሩን አሳንሰው የገለበጡ ናቸው። በአንዱ ገጽ «ማግኒዥየም ሰልፌት» (በእርግዝና የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣን መንቀጥቀጥ ለመከላከልና ለማከም የሚሰጥ መድኃኒት) ተብሎ ይጻፋል፤ ጀርባው ላይ የመድኃኒቱ መጠን፣ አሰጣጡ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱና ማርከሻው በደቃቅ ጽሕፈት ተጠቅጥቆ ይገኛል። ተማሪዋ ካርዱን ገልብጣ ታነብና «ይህንንስ አውቀዋለሁ» ብላ ታልፋለች። ዓይኗ የለመደውን እንዳወቀችው ቆጥራዋለች ማለት ነው፤ በፈተናው ዕለት ግን ተመሳሳይ አማራጮች ተደርድረው ሲቀርቡላት ግራ ትጋባለች። ይኸው ርዕስ ቢያንስ አራት ካርድ ይወጣዋል፦ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት የእናቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከስንት ማነስ የለበትም? ከ16። ሽንቷስ በሰዓት? ከ30 ሚሊ ሊትር። የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጉልበቷ ሲመታ እግሯ በራሱ የሚፈናጠርበት ምላሽ) ከጠፋስ? ቀጣዩ መጠን አይሰጥም። መመረዝ ቢከሰት ማርከሻው? ካልሲየም ግሉኮኔት። ተማሪዋ መልሱን ድምፅ አውጥታ ከተናገረች ወይም ከጻፈች በኋላ ብቻ ካርዱን ትገልብጥ።

ይህ የመምህር ግትርነት ብቻ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፍን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ውጤት ቢያመጡም፣ ፈተናው ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ሲሰጥ በልጠው የተገኙት ያነበቡትን ከአእምሯቸው ለማስታወስ ራሳቸውን ሲፈትኑ የቆዩት ናቸው። ሸምድዶ ያደረ ሰው በማግስቱ የሚሰማው መተማመን የሚያታልለውም ለዚህ ነው።

ካርዶቹን በየዕለቱ ከላይ እስከ ታች መከለስ አያስፈልግም። የሳይንስ ጋዜጠኛው ሰባስቲያን ላይትነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሳጥን ዘዴ ለእኛም አገር ተማሪ አይከብድም፤ ሦስት ባዶ የጓንት ካርቶኖች ይበቃሉ። በትክክል የተመለሰ ካርድ ቆየት ብሎ ወደሚታየው ካርቶን ያልፋል፤ የተሳሳተው በየቀኑ ወደሚታየው ይመለሳል። በሌሊት ተረኝነት ላይ ላለ ሠራተኛም ቢሆን የዕለቱን ካርቶን ብቻ ማየት የሚቻል ነገር ነው።

ሆኖም ምዘናው ቁጥር ብቻ አይጠይቅም። «ከወለደች በኋላ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት ቀረበች፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚለውን ዓይነት ጥያቄ በካርድ ክምር መወጣት አይቻልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሙሉ ጥያቄዎችን መሥራትና ከጓደኛ ጋር መከራከር ያስፈልጋል። ካርዱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሳተው ጥያቄ የተሳተበት ምክንያት በአጭሩ ወደ ካርድ ይቀየራል። ስለዚህም ከሌላ ሰው የተገዛ የካርድ ጥቅል፣ የሌላ ሰው ስህተት የተለቀመበት በመሆኑ፣ የሚሰጠው ጥቅም ግማሽ ነው።

ከቀደምት ተመራቂዎች የሚወረሱ ካርዶች ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው። የኤችአይቪ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ኤፋቪረንዝ በተባለው መድኃኒት ፋንታ ዶሉቴግራቪር በተባለው ላይ እንዲመሠረት ከተደረገ በኋላም አሮጌውን መልስ የያዙ ካርዶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ አይቻለሁ። ስለሆነም ተማሪዎች በእያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ መልሱን ያገኙበትን መመሪያና የታተመበትን ዓመት እንዲጽፉ፣ የትምህርት ክፍሎችም ከምዘናው በፊት አንድ ከሰዓት መድበው መምህራን ካርዶቹን ከወቅቱ መመሪያ ጋር እያመሳከሩ እንዲያርሙላቸው በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዋላጅ ነርሶች መምህር፣ ከአዲስ አበባ